የሳተላይት ኧርዝ የት ነው?

ልጅ ሳለሁ የቤታችን የኤሌክትሪክ ምጣድ ይነዝር ነበር። ሁልጊዜ አልነበረም፤ ወለሉ ረጥቦ ከሆነ፣ ወይም እናቴ ሊጥ የነካ እጇን ሳታደርቅ የምጣዱን የብረት ጠርዝ ከነካች ግን እጇን መንጭቃ «ያዘኝ!» ትል ነበር። መፍትሔዋ የፕላስቲክ ጫማ ነበር። ጫማውን ሳታደርግ ምጣድ ፊት አትቆምም፤ እኛንም በባዶ እግራችን አታስጠጋንም። ከብዙ ጊዜ በኋላ የመጣ አንድ ኤሌክትሪሺያን ሶኬቱን ፈትቶ ካየ በኋላ «ቤቱ ኧርዝ የለውም» አለን። ሦስተኛዋ ሽቦ ከሶኬቱ ጀርባ ታጥፋ ቀርታለች እንጂ ከምንም ነገር ጋር አልተያያዘችም። ከምጣዱ የሚያፈተልከው ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድበት ሌላ መንገድ ስላልነበረው መንገዱ እናቴ ነበረች።

ይህ ነገር እንደገና ትዝ ያለኝ ኤሌክትሪክ ምሕንድስና ስማር የአንድ ሳተላይት የኃይል ሥርዓት ንድፍ ባየሁ ጊዜ ነው። ያ የምናውቀው የኧርዝ ምልክት በንድፉ ላይ በየቦታው ተሥሏል። ሳተላይቱ በመቶዎች ወይም በሺዎች በሚቆጠር ኪሎሜትር ከመሬት ርቆ እየበረረ ይህ ሽቦ የሚወርደው ወዴት ነው? መልሱ ወደ ሳተላይቱ የብረት አካል ነው የሚል ነው። አካሉ ራሱ ግን ተንሳፋፊ ነው፤ ከምንም ጋር የታሰረ አይደለም። በውስጡ ያሉት መሣሪያዎች ሁሉ «ዜሮ ቮልት» ብለው የሚነሡበት ያ አካል ከአካባቢው አንጻር በእውነት ስንት ቮልት ላይ እንዳለ የሚወስነው በዙሪያው ያለው ፕላዝማ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ ከተነሣሁ ቆይቻለሁ፤ ምክንያቱም ስለ ሳተላይት አደጋ ሲወራ ስለ ጠፈር ፍርስራሽና ስለ ጨረር ብዙ ሲባል እሰማለሁ፣ ስለ ኧርዝ ግን የሚያነሣ ሰው አይገጥመኝም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጠፈር ባዶ ነው የሚባለው ከምንተነፍሰው አየር ጋር ሲነጻጸር ነው። ከጥቂት መቶ ኪሎሜትር ከፍታ ላይ የፀሐይ ጨረር ከአየሩ አተሞች ኤሌክትሮኖችን እየነጠለ ስለሚያወጣ በዚያ የሚገኘው ጋዝ በከፊል የነጻ ኤሌክትሮኖችና የአዮኖች፣ ማለትም ኤሌክትሮን የጎደላቸው አተሞች፣ ድብልቅ ነው። ለዚህ ድብልቅ ፕላዝማ የሚለውን ስም የሰጠው አሜሪካዊው ሳይንቲስት ኧርቪንግ ላንግሚዩር በ1928 ነው። 300 ኪሎሜትር አካባቢ፣ በቀን፣ በአንድ ሴንቲሜትር ኩብ ውስጥ እስከ አንድ ሚሊዮን የሚደርሱ ነጻ ኤሌክትሮኖች ሊገኙ ይችላሉ። ይህ ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን በአንጻራዊነት ቀዝቃዛ ፕላዝማ ነው፤ ማለትም የእያንዳንዱ ኤሌክትሮን ጉልበት ትንሽ ነው። የመገናኛ ሳተላይቶች በሚገኙበት 36,000 ኪሎሜትር ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በዚያ በአንድ ሴንቲሜትር ኩብ የሚገኘው ኤሌክትሮን አንድ ያህል ቢሆን ነው፤ ፀሐይ በምትነውጥበት ጊዜ ግን የዚያ የአንዱ ጉልበት በሙቀት ቢተረጎም ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ ይበልጣል። ቁጥሩ ሊያስደነግጥ አይገባም፤ ፕላዝማው እጅግ የሳሳ ስለሆነ ሳተላይቱን አያቃጥለውም። የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው።

ኤሌክትሮን ከፕሮቶን 1,836 ጊዜ ያህል ይቀልላል፤ ስለዚህ ሁለቱ በእኩል ሙቀት ላይ ቢሆኑ ኤሌክትሮኑ ከፕሮቶኑ 43 ጊዜ ገደማ ይፈጥናል። በፕላዝማ ውስጥ አንድ ብረት ቢቀመጥ ቀድመው የሚደርሱበትና በብዛት የሚያርፉበት ኤሌክትሮኖቹ ናቸው። ብረቱ አሉታዊ እየሆነ ይሄዳል፤ አሉታዊነቱ ሲበረታ ደግሞ ራሱ ተከታዮቹን ኤሌክትሮኖች እየገፋ ይመልሳል፣ አዮኖቹን ይስባል፣ በመጨረሻም የሚገባውና የሚወጣው ተካክሎ ይረጋል። በዝቅተኛው ምሕዋር፣ ፕላዝማው ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ ይህ ሚዛን የሚገኘው ከዜሮ በታች በጥቂት ቮልት ላይ ነው። በላይኛው ምሕዋር ግን ጉልበተኞቹን ኤሌክትሮኖች ገፍቶ ለመመለስ ጥቂት ቮልት አይበቃም።

በላይኛው ምሕዋር የምትታደገው ፀሐይ ናት። ብርሃኗ ያረፈበት ገጽ የራሱን ኤሌክትሮኖች ያፈናጥራል፤ የሚያፈናጥረውም ከሚቀበለው ስለሚበልጥ ፀሐይ የሚያገኘው የሳተላይት ጎን ከዜሮ በላይ በጥቂት ቮልት ላይ ይቆያል። በመስከረምና በመጋቢት ወራት ግን እነዚህ ሳተላይቶች በየዕለቱ ለአንድ ሰዓት ከምናምን ያህል የምድር ጥላ ውስጥ ይገባሉ። በዚያ ሰዓት መድኃኒቱ ይጠፋል። በ1969 የመጠቀው ኤቲኤስ 5 የተባለ የናሳ ሳተላይት በጥላ ውስጥ ሳለ አካሉ በዙሪያው ካለው ፕላዝማ አንጻር ከዜሮ በታች እስከ 10 ሺህ ቮልት ድረስ መውረዱን መሣሪያዎቹ መዝግበዋል፤ ተመራማሪው ሸርማን ዲፎረስት ውጤቱን ያሳተመው በ1972 ነው። ከዚያ በፊት ሳተላይት በጠፈር ውስጥ ሺህ ቮልት ሊሸከም እንደሚችል አስቦ ንድፍ የሚሠራ መሐንዲስ ብዙ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ በቀላሉ የሚሳት ነገር አለ። ሳተላይቱ በሙሉ 10 ሺህ ቮልት ቢወርድ በራሱ ብዙ ጉዳት የለውም። በከፍተኛ ቮልት ገመድ ላይ የተቀመጠች ወፍ የማትሞተው ሁለት እግሮቿ በአንድ ቮልቴጅ ላይ ስለሆኑ ነው፤ ሳተላይቱም አንድ ላይ ከወረደ ውስጡ ያሉት መሣሪያዎች ምንም አያውቁም። አደጋው የሚመጣው አንዱ ክፍል ወርዶ ሌላው ሲቀር ነው። የሳተላይት ገጽ ሁሉ ብረት አይደለም፤ ከሙቀትና ከቅዝቃዜ የሚጠብቀው ብርድ ልብስ መሰል ሽፋን ፕላስቲክ ነው፣ የሶላር ፓኔሉ ሽፋን መስታወት ነው፣ አንቴናው ላይ ቀለም አለ። እነዚህ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፉ ያረፈባቸውን ኤሌክትሮን ይዘው ይቀመጣሉ። ጥላ ያረፈበት የፕላስቲክ ቁራጭ ብዙ ሺህ ቮልት ወርዶ ከጎኑ ያለው ፀሐይ የሚሞቀው ብረት ዜሮ አካባቢ ይቆያል። ከዚያ የሚሆነውን በበጋ ሌሊት፣ አየሩ በደረቀበት፣ መብራት አጥፍቶ የናይለን ሹራብ ያወለቀ ሰው ያውቀዋል፤ ይንጣጣል፣ ሰማያዊ ብልጭታም ይታያል። በሳተላይት ላይ ያ ብልጭታ በአቅራቢያው ባሉት ሽቦዎች ላይ ሐሰተኛ ምልክት ይፈጥራል፤ ኮምፒውተሩም ማንም ያላዘዘውን ትእዛዝ የተቀበለ ይመስለዋል።

የኦፕሬተሮች መዝገብ ሲጠናም አንድ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። የላይኛው ምሕዋር ሳተላይቶች ያልታዘዙትን የሚሠሩት በአብዛኛው በአካባቢያቸው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ነው። ይህ የሆነው መግነጢሳዊ ማዕበል ሲነሣ ትኩሶቹ ኤሌክትሮኖች ከምድር የሌሊት ወገን፣ ከመግነጢሳዊ መስኳ ጅራት፣ ወደ ውስጥ ተወርውረው ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ማለትም ወደ ንጋቱ ጎን፣ ስለሚንሳፈፉ ነው። በ1973 አንድ የአሜሪካ ወታደራዊ የመገናኛ ሳተላይት የኃይል መሥመሩ ተቋርጦ ከጥቅም ውጭ ሆነ፤ ምክንያቱ እንዲህ ያለ ብልጭታ እንደሆነ ታመነ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ አየር ኃይልና ናሳ ስካታ የተባለች፣ ሥራዋ ይህንኑ ችግር መለካት ብቻ የሆነ ሳተላይት በጥር 1979 አመጠቁ።

ገጽ ላይ የሚቀረው የኤሌክትሮን ክምችት ይህን ይመስላል። ሁለተኛው ዓይነት ወደ ውስጥ ይገባል፤ በእኔ አስተያየት ይበልጥ የሚያስፈራውም እርሱ ነው። ምድርን በከበቡት የጨረር ቀለበቶች፣ ቫን አለን ቀበቶዎች በሚባሉት፣ ውስጥ ያሉት እጅግ ፈጣን ኤሌክትሮኖች አንድ ሁለት ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን አልሙኒየም አልፈው በኬብል ልባስና በሰርኪት ቦርዶች ፕላስቲክ ውስጥ ይቀበራሉ። ጥቂት በጥቂት፣ ለቀናት፣ ይከማቻሉ። ውጭው ፀጥ ብሎ ሳለ፣ የፀሐይ ማዕበሉም ካለፈ በኋላ ጭምር፣ የተከማቸው ልባሱን ሰብሮ ይወጣል። በጥር 20 ቀን 1994 የካናዳው ቴሌሳት ኩባንያ ንብረት የሆነው አኒክ ኢ1 ሳተላይት አቅጣጫውን የሚያስጠብቅለትን ተሽከርካሪ ጎማ የሚቆጣጠረው ሰርኪት ተበላሽቶ መሽከርከር ጀመረ። ሠራተኞቹ መጠባበቂያውን ሰርኪት አስነሥተው በሰዓታት ውስጥ መለሱት። ትንፋሽ ሳይወስዱ ግን ወንድሙ አኒክ ኢ2 በዚያው ዓይነት ብልሽት ተመታ፤ የእርሱ መጠባበቂያም አብሮ ጠፍቶ ነበር። ስልክና ቴሌቪዥን በሳተላይት ብቻ የሚደርሳቸው የካናዳ ሰሜናዊ ነዋሪዎች ከዓለም ተቆረጡ። ኢ2 ወደ አገልግሎት የተመለሰው ከወራት በኋላ ነው፤ ጎማው ስለማይሠራ መሐንዲሶቹ ሳተላይቱን ከምድር ሆነው በትናንሽ ሮኬቶቹ አቅጣጫውን እያስያዙት።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ላይኛው ምሕዋር ነው። በታችኛው ምሕዋር፣ ፕላዝማው ቀዝቃዛ በሆነበት፣ ሰላም ነው የሚል ሰው ቢኖር የጃፓኑን ሚዶሪ 2 ታሪክ ልንገረው። ሳተላይቱ በታኅሣሥ 2002 መጥቆ 800 ኪሎሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከዋልታ ወደ ዋልታ ይዞር ነበር። የዋልታ ምሕዋር ማለት በእያንዳንዱ ዙር የሰሜንና የደቡብ ዋልታ ብርሃን፣ አውሮራ የምንለው፣ በሚታይበት ቀለበት ውስጥ ማለፍ ማለት ነው። ያ ብርሃን የሚፈጠረው ከላይ በሚዘንቡ ጉልበተኛ ኤሌክትሮኖች ስለሆነ ቀለበቱን የሚያቋርጥ ሳተላይት ለአንድ ሁለት ደቂቃ ራሱን በላይኛው ምሕዋር እንዳለ ሆኖ ያገኘዋል። በጥቅምት 2003 መጨረሻ ፀሐይ ከታዩት ሁሉ ኃይለኛ ከሚባሉት ማዕበሎች አንዱን ልትለቅ በተቃረበችበት ሰሞን፣ የሚዶሪ 2 የኃይል መጠን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከ6 ኪሎዋት ወደ 1 ኪሎዋት ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ግንኙነቱ ተቋረጠ፤ ሳተላይቱ እንደገና አልተነሣም።

የጃፓን የጠፈር ድርጅት ምርመራ ያመለከተው ነገር የእኛን ሶኬት አስታወሰኝ። ከሶላር ፓኔሉ ወደ ሳተላይቱ አካል ኃይል የሚያመጡት ከመቶ የሚበልጡ ሽቦዎች በአንድ ላይ ታስረው በዚያ ብርድ ልብስ መሰል የሙቀት መከላከያ ተጠቅልለው ነበር። የመከላከያው ገጽ በስስ ብረት የተለበጠ ነው፤ ያ ብረት ግን ከሳተላይቱ አካል ጋር በሽቦ አልተያያዘም፤ በእኛ ቋንቋ ኧርዝ አልነበረውም። አውሮራውን ባቋረጠ ቁጥር ጥቅሉ ቻርጅ እየያዘ ሄደ፤ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ደግሞ በየዙሩ ከሙቀት ወደ ብርድ ሲገለባበጡ ልባሳቸው ሳይሰነጠቅ አልቀረም። አንዲት ብልጭታ ስትነሣ ከሽቦ ወደ ሽቦ እሳቱን የሚያቀጣጥለው የሶላር ፓኔሉ የራሱ ኃይል ሆነ፤ ያችን ብልጭታ ለማስነሣት የሚበቃው ኤሌክትሮን ከውጭ መጣ፣ ለማቃጠል የሚበቃው ኃይል ግን ከቤት ነበር። ይህን ልዩነት ማወቅ ያስፈልጋል፤ በተከታታይ ከሚነሡት ብልጭታዎች ይልቅ ሳይጠፋ የሚነድደው የኤሌክትሪክ እሳት፣ አርክ የሚባለው፣ ነው ሳተላይት የሚገድለው። አንዲት አጭር ሽቦ ያንን የብረት ስስ ገጽ ከአካሉ ጋር ብታገናኘው ኖሮ ቻርጁ የሚጠራቀምበት ምክንያት አልነበረም።

ይህ የጃፓን ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይታየኝም። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2019 ከቻይና ያመጠቀቻት ኢቲአርኤስኤስ 1 የምድር ምልከታ ሳተላይትም በዋልታ ምሕዋር እንድትዞር የተሠራች ናት፤ ከ600 ኪሎሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆና በቀን 14 ወይም 15 ጊዜ ምድርን ስትዞር በእያንዳንዱ ዙር ሁለቱንም የአውሮራ ቀለበቶች ታቋርጣለች። አዲስ አበባ ላይ ሆኖ አውሮራ የሚያይ ሰው የለም፤ የራሳችን ሳተላይት ግን በየቀኑ ታልፍበታለች። በሌላ በኩል ደግሞ የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ስለሆነ ከራሳችን በላይ 100 ኪሎሜትር ከፍ ብሎ ቀን ቀን የሚፈስ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ፤ ማታ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም በላይኛው ፕላዝማ ውስጥ አረፋ የመሰሉ ባዶ ቦታዎች እየተፈጠሩ የጂፒኤስ ምልክትን ያርገበግባሉ። እርሱ በሳተላይቱ አካል ላይ ሳይሆን በሚልከው ምልክት ላይ የሚደርስ ችግር ስለሆነ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ እዚህ አላነካካውም።

በታችኛው ምሕዋር ፕላዝማው ያለ ማዕበልም፣ ያለ አውሮራም፣ ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ በአንዲት ገመድ ላይ በግልጽ ታይቷል። በየካቲት 1996 ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር አንድ የጣሊያን ሳተላይት ከ20 ኪሎሜትር በላይ በሚረዝም ገመድ አስራ ወደ ላይ ለቀቀች። ገመዱ ውፍረቱ 2.5 ሚሊሜትር ገደማ፣ ማለትም ከጫማ ማሰሪያ ያልበለጠ፣ በውስጡ የመዳብ ሽቦ ያለበት፣ በላዩ በፕላስቲክና ኬቭላር በተባለ ጠንካራ ክር የተሸፈነ ነበር። እንዲህ ያለ ሽቦ በምድር መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ በሴኮንድ ከ7 ኪሎሜትር በላይ ሲሄድ እንደ ጄኔሬተር ይሠራል፤ ሐሳቡም ያንን ኤሌክትሪክ መጠቀም ነበር። 19.7 ኪሎሜትር ያህል እንደተለቀቀ፣ በጫፎቹ መካከል 3,500 ቮልት ገደማ እያለ፣ ገመዱ መንኮራኩሯ አጠገብ ተበጠሰ። የቀረው ጫፍ ሲታይ ያረረና የቀለጠ ነበር። በልባሱ ላይ በነበረች ጉዳት በኩል ኤሌክትሪኩ ወጥቶ አርክ ሠራ፤ ሰርኪቱን የሚዘጋለት ሁለተኛ ሽቦ ሳይኖረው፣ ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ያለው ፕላዝማ ራሱ ሽቦ ሆኖለት፣ አንድ አምፔር ያህል ፈሰሰ። ይህን ነገር ሳነብ መጀመሪያ የገረመኝ ቮልቱ አልነበረም፤ ባዶ ነው በምንለው ነገር ውስጥ አንድ አምፔር መፍሰሱ ነው።

ፕላዝማው ሽቦ መሆን ከቻለ ኧርዝ መሆንም ይችላል፤ የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ መፍትሔ ከዚህ ይነሣል። ጣቢያው 400 ኪሎሜትር ገደማ ላይ፣ ፕላዝማው ጥቅጥቅ ባለበት ይዞራል። ሶላር ፓኔሎቹ 160 ቮልት ያመነጫሉ፤ አሉታዊው ጫፋቸው ከጣቢያው አካል ጋር ተያይዟል። አዎንታዊው ጫፍ ኤሌክትሮኖችን ከፕላዝማው እንደ ልቡ ይሰበስባል፤ አዮኖቹ ግን ከባድና ቀርፋፋ ስለሆኑ በሌላው በኩል ሚዛኑን መመለስ አይችሉም። በዚህ ምክንያት የጣቢያው አካል በሙሉ ከፕላዝማው አንጻር ከዜሮ በታች እስከ 140 ቮልት ሊወርድ እንደሚችል ጣቢያው ከመሠራቱ በፊት ተሰላ። ችግሩ የአካሉ አልሙኒየም በኦክሳይድ የተለበጠ መሆኑ ነው፤ ያ ስስ ልባስ በአንድ ወገን ብረት፣ በሌላው ወገን ፕላዝማ ያለው ግዙፍ ካፓሲተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ፣ ይሆናል፤ በአንድ ቦታ ቢሰበር የጠቅላላው ጣቢያ የተከማቸ ጉልበት በዚያች ነጥብ በኩል ይወጣል።

በጥቅምት 2000 ወደ ጣቢያው የተወሰዱት ሁለት መሣሪያዎች ለዚህ ነው። ዜኖን የተባለውን ጋዝ አግለው፣ አተሞቹን ከኤሌክትሮኖቻቸው እየለዩ፣ የራሳቸውን ፕላዝማ ወደ ውጭ ይለቃሉ። በዚያ ጥቅጥቅ ባለ ደመና በኩል የተጠራቀሙት ኤሌክትሮኖች ወደ አካባቢው ይፈስሳሉ፤ የጣቢያውም አካል በዙሪያው ካለው ፕላዝማ ጋር ይቀራረባል። የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ መቅበር በማይቻልበት ቦታ ኧርዝ የሚሠራው በጋዝ ነው ማለት ነው። በ2006 ቮልቴጁን የሚለካ መሣሪያ ጣቢያው ላይ ተተከለ፤ ልኬቱም አብዛኛውን ጊዜ ከተፈራው ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ጣቢያው ከምድር ጥላ ወጥቶ ፓኔሎቹ ድንገት ፀሐይ ሲያገኙ ግን ለአፍታ የሚዘልል ቮልቴጅ መኖሩ ታየ።

ይህን ሁሉ ለእናቴ በምችለው መንገድ ከነገርኳት በኋላ ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ ውጭ የሚወጡት ልጆች ጫማቸው ምንድን ነው?» አለችኝ። የሳቅሁት ለጊዜው ነው። የጠፈር ልብስ ከውጭ በኩል ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ጨርቅ ነው፤ ነገር ግን በአንገቱ፣ በእጅጌውና በወገቡ የብረት ቀለበቶች አሉት። ጠፈርተኛው ለሰዓታት ሲሠራ ያልበዋል፤ የውስጥ ልብሱ ይረጥባል። አንዱ ቀለበት አሉታዊ የሆነውን የጣቢያውን አካል ቢነካ፣ ሌላው ከፕላዝማው ጋር ቢገናኝ፣ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ የረጠበው ሰውነቱ፣ ልቡንም ጨምሮ፣ ይሆናል። የናሳ የደኅንነት መሐንዲሶች ለዓመታት ሲያሰሉት የኖሩት ይህንኑ ነው፤ ሰው ወደ ውጭ ከመውጣቱ በፊትም ዜኖን የሚለቁት መሣሪያዎች እንዲበሩ ይደረጋል።